ፅንሰታ ለማርያም፤ በእናት ማሕፀን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በጾምና በሱባኤ ላይ ነን። የውዳሴ ማርያሙን ትርጓሜ እንሰማለን፣ እናስቀድሳለን፣ እንቆርባለን። በዚህ ሁሉ መካከል ነሐሴ 7 ቀን አንድ በዓል አለ። ብዙዎቻችን ስሙን እንጠራዋለን እንጂ ቆም ብለን አናስበውም፤ ፅንሰታ ይባላል። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በእናቷ በቅድስት ሐና ማሕፀን የተፀነሰችበት ቀን ነው።

ልብ በሉ፤ የተወለደችበት ቀን አይደለም። ልደታማ ግንቦት 1 ቀን ነው፣ ንፍሮ ተቀቅሎ ደጅ ወጥተን የምናከብረው። ፅንሰታ ግን ማንም ምንም ያላየበት ቀን ነው። ሆድ አልገፋ፣ አምሮት የለ፣ ጎረቤት አልሰማ። ቤተ ክርስቲያን እናት እንኳ መፀነሷን ገና በማታውቅበት ቀን ላይ በዓል አቁማለች። ይህ ብቻ አይደለም፤ መስከረም 26 የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅን ፅንሰት፣ መጋቢት 29 የጌታችንን ፅንሰት ታስባለች።

«ስለ እርግዝና ማውራት በጾም መጽሔት ላይ ምን አመጣው? ይኼ የሐኪም ቤት ጉዳይ አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እኔ በሥራዬ አዋላጅ ነኝ። እነዚህን የመጀመሪያ ሳምንታት ባለማወቅ ትዳር ሲታወክ፣ እናት በሌለባት ኃጢአት ስታለቅስ አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ደርሳ የምታለቅሰዋ ደግሞ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ያለቀሰች ናት። ስለዚህ እዚህም ሊነገር ይገባዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። የጌታችን ፅንሰት ያለ ወንድ ዘር፣ በግብረ መንፈስ ቅዱስ የሆነ ነው፤ ከዚህ በታች በምለው ነገር አይለካም። የምናገረው እኔና እናንተ ስለተፀነስንበት፣ ኢያቄምና ሐናም በሕጋዊ ጋብቻቸው ስለተጓዙበት መንገድ ነው።

አጀማመሩ

ሴት ልጅ የእንቁላሎቿን ዘር ይዛ ነው የምትወለደው፤ ኋላ አዲስ አይጨመርላትም። ስትወለድ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን እስከ ሁለት ሚሊዮን ይደርሳል። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ይቀራል፤ ከዚያም በዕድሜዋ ሙሉ በስሎ የሚወጣው 400 ወይም 500 ያህሉ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ እናንተ የተገኛችሁባት እንቁላል እናታችሁ ገና በአያታችሁ ማሕፀን ሳለች የተዘጋጀች ናት ማለት እኮ ነው!

በየወሩ ከግራው ወይም ከቀኙ የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ ከሚሉት) ብዙውን ጊዜ አንዲት እንቁላል ትወጣለች። የምትወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ ነው። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት የተገናኙበት ሌሊትና ፅንሱ የተጀመረበት ቀን ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚመስለው ሁለቱ የሚገናኙት ማሕፀን ውስጥ ነው፤ አይደለም። ከማሕፀን ግራና ቀኝ በተዘረጋው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዘር መካከል እንቁላሏ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው፤ የሚገባው ደግሞ አንዱ። አንዱ እንደገባ የእንቁላሏ መሸፈኛ ለሌሎቹ ይዘጋል። ከእናት 23፣ ከአባት 23፣ በድምሩ 46 ክሮሞዞም አንድ ላይ ይሆናል። የዓይን ቀለም፣ የቁመት፣ የደም ዓይነት ውርስ እዚያው ይጻፋል።

ወንድ ወይም ሴት መሆኑም የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ነው። እናት የምትሰጠው ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ብቻ ነው፤ ሌላ የላትም። አባት ግን ኤክስ ወይም ዋይ ይሰጣል። ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ ይሆናል። «ሴት ብቻ እየወለደች ቤቴን ሞላችው» ብሎ ሚስቱን የሚያስጨንቅ ባል ይህን ይስማ። መርጦ የሚልክ የለም፤ ግን መነሻው ከማን ዘንድ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርና የሐኪም አቆጣጠር

አሁን ትዳር ወደሚያውከው ነገር ልምጣ።

አንድ ባል በሥራ ምክንያት ርቆ ከርሞ ሐምሌ 3 ቀን ቤቱ ገባ እንበል። ሚስቱ ከዚያ ወዲህ የወር አበባዋ ቀረ፤ ነሐሴ 18 ቀን ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ስምንት ሳምንት ሆኖታል» አላቸው። ባልየው በጣቱ ቆጠረ። ከመጣ 45 ቀኑ ነው፤ ስድስት ሳምንት ከሦስት ቀን። «ስምንት ሳምንት? ታዲያ ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?» አለ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲህ ባለ ነገር ሽማግሌ የተቀመጠበት፣ ሻንጣ የተሸከፈበት ቤት አለ።

ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ ሚስቲቱም አልዋሸችም። ሐኪም የሚቆጥረው ከተፀነሰበት ቀን አይደለም፤ ያን ቀን በእርግጠኛነት የሚያውቅ ብዙ የለምና። የሚቆጥረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። የዚህች ሴት የወር አበባ የጀመረው ሰኔ 22 ቀን ነበር። እንቁላሏ ከ14 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን ገደማ ወጣች፤ ባል ከገባ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ከሰኔ 22 እስከ ነሐሴ 18 ድረስ 56 ቀን፣ ልክ ስምንት ሳምንት ነው። ፅንሱ ግን የስድስት ሳምንት ነው። ሐኪም «አራት ሳምንት» ሲል ፅንሱ የሁለት ሳምንት፣ «ስድስት» ሲል የአራት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ቀንሱ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በአልትራሳውንድ የሚሰጠው የሳምንት ቁጥርም በዚሁ ልማድ የሚነገር ነው።

የሚያስደንቀው የቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ነው። እርሷ የምትቆጥረው ከፅንሰቱ ነው። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ናቸው፤ በድምሩ 275 ቀን። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ቀኑ እንዳይጨምር በተከታዩ በዘመነ ዮሐንስ ልደትን ታኅሣሥ 28 ቀን እናከብራለን። ለምን አንድ ቀን ወደ ኋላ እንደሚመለስ የማያውቅ ብዙ አለ፤ ምክንያቱ ይኸው የፅንስ ቆጠራ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ሰኔ 30፣ የዮሐንስ ልደት፣ 274 ቀን ነው። ከነሐሴ 7 እስከ ግንቦት 1 ስትቆጥሩ ደግሞ 269 ቀን ታገኛላችሁ። በሕክምና ትምህርት ከፅንሰት እስከ መውለድ በአማካይ 266 ቀን፣ ከወር አበባው ከተቆጠረ 280 ቀን ነው። ሁሉም እናት በቀኑ አትወልድም፤ ሁለት ሳምንት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ብዙ ጊዜ ጤናማ ነው።

እኛ አዋላጆች በአገራችን ዘመን አቆጣጠር ስናሰላ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን እንደምራለን፤ ጳጉሜን በመካከል ካለች ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ከላይ ላነሣናት ሴት ሰኔ 22 ላይ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ስንደምር መጋቢት 27 ይመጣል። እቤታችሁ ሞክሩት።

ከመጀመሪያው ቀን እስከ አርባኛው

በመጀመሪያው ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ አንዷ ሕዋስ ሁለት ትሆናለች። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ በሦስተኛው ቀን ስምንት ገደማ፤ በአራተኛው ቀን እንደ እንጆሪ ፍሬ የተከማቸ ነገር ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በመንገድ ላይ ነው። በቱቦው ውስጥ ባሉ ረቂቅ ፀጉሮች እየተገፋ ወደ ማሕፀን ይወርዳል። ከእናቱ ደም ጋር ገና ስላልተገናኘ በአብዛኛው የሚኖረው እንቁላሏ ቋጥራ በያዘችለት ስንቅ ነው።

በስድስተኛው ቀን ገደማ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት መሬት ውስጥ እንደገባ ዘር ይቀበራል። ኋላ እንግዴ ልጅ የሚሆነው ሥር መስደድ የሚጀምረው ያኔ ነው። በአንዳንድ እናት ላይ በዚህ ጊዜ ጥቂት ደም ጠብ ይላል። እርሷም «የወር አበባዬ መጣ፣ ግን ምነው አነሰ?» ትላለች፤ ከዚያ ቆጠራው ሁሉ ይሳሳትባታል።

የተጣበቀው ፅንስ ለእናቱ አካል መልእክት ይልካል። ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን ነው። የወር አበባ እንዳይመጣ የሚያደርገው፣ በሽንት ምርመራም የሚታየው እርሱ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መመርመሪያ ገዝቶ «የለም» ብሎ ማዘን ከንቱ ነው፤ ገና አልተናገረም። የወር አበባ በሚመጣበት ቀን ከቀረ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ነው የሚታመነው።

በሦስተኛው ሳምንት ፅንሱ ሦስት ንብርብር ይሆናል። ከላይኛው ቆዳና አንጎል፣ ከመካከለኛው ልብ፣ ደም፣ አጥንትና ጡንቻ፣ ከታችኛው ሳንባ፣ ጉበትና አንጀት ይወጣል። በ22ኛው ቀን ገደማ ልቡ መምታት ይጀምራል። ቁመቱ በዚያን ጊዜ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። እናትየዋ የወር አበባዋ ከቀረ አንድ ሳምንት ቢሆናት ነው። «ምነው ደከመኝ» ትላለች፤ የወጡ ሽታ ያስጠላታል፤ ገና ለማንም አልተናገረችም።

ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 138 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 139) በማሕፀን ስለተሠራበት ሥራ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ኢዮብም በምዕራፍ 10 አፈጣጠሩን በወተትና በእርጎ መስሎ ይናገራል። አጉሊ መነጽር ሳይኖር የተነገረ ነው።

የእመቤታችንንም መንገድ አስቡ። ብሥራቱን ሰምታ ፈጥና ወደ ይሁዳ ተራራማ አገር ወጣች (ሉቃ. 1፥39)። ከናዝሬት እስከዚያ የጥቂት ቀናት የእግር መንገድ ነው። የኤልሳቤጥን ደጅ ስትረግጥ ጌታ ከተፀነሰ ገና ቀናት ቢሆኑት ነው፤ በዓይን የሚታይ አንዳች ምልክት አልነበረም። የስድስት ወሩ ዮሐንስ ግን በእናቱ ማሕፀን ዘለለ። ይህን የጻፈልን ሉቃስ ሐኪም እንደነበር ሐዋርያው ጳውሎስ ይነግረናል (ቆላ. 4፥14)።

በ28ኛው ቀን አካባቢ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከላይም ከታችም ተዘግቶ ያልቃል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ቱቦ ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍት ሆኖ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ይወለዳል። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚከላከል ፎሊክ አሲድ የሚባል ትንሽ ክኒን አለ፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይበቃል፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን ሐኪሟ ከፍ ያለ መጠን ያዝዝላታል። ችግሩ ብዙ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ሦስትና አራት ወር ሲሆናቸው ነው፤ ያን ጊዜ ቱቦው ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ክኒኑ መወሰድ ያለበት ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ነው፤ እስከ 12ኛው ሳምንትም ይቀጥላል። ለማግባት ቀን የቆረጣችሁ እኅቶች፣ ለሠርጉ ልብስ ስትሮጡ ይህችንም አስቧት።

በአርባኛው ቀን ገደማ የእጅ ጣቶች ምልክት መታየት ይጀምራል። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ዋና ዋናዎቹ ብልቶች ሁሉ ተጀምረዋል፤ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። (ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁበትን ሥርዓት ከዚህ ጋር የሚያያይዙ አሉ። እርሱ ከተወለዱ በኋላ የሚቆጠር ነው፤ በኩፋሌ እንደተጻፈው አዳምና ሔዋን ወደ ገነት የገቡበት ቀን ነው ምሳሌው።)

ሳይታወቅ የሄደው

አንዲት እናት ነበረች። በስድስት ሳምንቷ ደም ፈሰሳትና ፅንሱ ወረደ። ልሸኛት ስል እጄን ይዛ «እኅቴ፣ ዓርብ ዕለት ብዙ ሰግጄ ነበር። እሱ ይሆን የገደለው?» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ስታስብ ነበር ያደረችው።

አይደለም። በታወቀ እርግዝና እንኳ ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆነው ይወርዳል፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው። እናት ሳታውቀው፣ የወር አበባዋ ጥቂት የዘገየ መስሏት የሚሄደውማ ስንት ይሆን! በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ ገና ሲጀመር 46ቱ ክሮሞዞም በትክክል ሳይከፋፈል በመቅረቱ የሚሆን ነው። ስግደት አላመጣውም፤ የተነሣ እንስራ አላመጣውም፤ ያልተሟላ አምሮት አላመጣውም። ጎረቤት «ቡዳ ነው» ይላል፣ አማት «ድሮም አንቺ ቀጭን ነሽ» ትላለች፤ በዚህ መካከል ያቺ እናት ኀዘኗን እንኳ በወጉ አላዘነችም። ለትንሽ ፅንስ ለቅሶ የሚደርስ የለም። ቤተ ክርስቲያን ግን የፅንሰትን ቀን በዓል ያደረገች ናትና፣ እንዲህ ያለችዋን እናት ንስሐ አባቷ ቢያጽናኗት፣ እኅቶች ቡና አፍልተው አጠገቧ ቢቀመጡ ምን ነበረበት?

ደጋግሞ የሚወርድባት ወይም የወለደቻቸው የሚሞቱባት ግን ትመርመር። «ሾተላይ» የምንለው አንዱ ምክንያቱ የደም ዓይነት ነው፤ ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትፀንስ ለተከታዮቹ ልጆች የሚመጣ ጣጣ ነው። በጊዜ ከታወቀ በመርፌ ይከላከሉታል። ከዚህ የተነሣ ተፈትተው የቀሩ፣ ስማቸው የጠፋ እናቶችን ሳስብ ያሳዝነኛል።

ጨርሶ ያልፀነሰችውስ? ሐናና ኢያቄም በልጅ ማጣት ተነቅፈው ነበር። ሐና የወፍ ጫጩቶችን አይታ አለቀሰች ይላል ታሪኩ፤ ነገር ግን ሁለቱም በአንድነት አዘኑ፣ በአንድነት ለመኑ። ይስሐቅም ስለ ሚስቱ ስለ ርብቃ ጸለየ እንጂ አልከሰሳትም (ዘፍ. 25፥21)። ዛሬ ግን ሴቷ ብቻዋን ከጸበል ጸበል፣ ከሐኪም ሐኪም ትንከራተታለች፤ ባል «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ቁጭ ይላል። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ዘር ድርሻ አለበት። ዓመት ሞልቶት ካልተፀነሰ (ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ስድስት ወር) ሁለቱም አብረው ይመርመሩ።

ጾሙስ?

በዚህ ጾም ላይ ሆና፣ መፀነሷን ሳታውቅ የምትጾም እኅት ብዙ ናት። ከምግቡ ልጀምር፤ ምስሩ፣ የሽሮው ሽምብራና ባቄላ፣ ጎመኑ ከላይ ያነሣሁት ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኝባቸው ናቸው፤ ክኒኑን ባይተኩም የጾም ገበታችን ደኻ አይደለም። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። የሚያስመልሳት እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ስትቆይ ሰውነቷ ይደርቃል፣ ቅዳሴ ላይ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ቤተ ክርስቲያን ጾምን ስታዝ የደካማውን አቅም ታያለች፤ ለዚህ ነው ንስሐ አባት ያለን። «ሳላረጋግጥ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?» የምትሉኝ አላችሁ። «አባቴ፣ ልፀንስ እችል ይሆናል፤ እንዴት ልጹም?» ማለት ይበቃል። እሳቸው ይወስኑላችኋል። በራስ ፈቃድ መተውም፣ በራስ ፈቃድ እስኪወድቁ መጾምም ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የጽዋ ማኅበሩን ጠላ ግን፣ የዘመድ ጠጅና አረቄውንም፣ ልፀንስ እችላለሁ የምትል ሁሉ ትተወው። ለፅንስ የማይጎዳ ተብሎ የታወቀ መጠን የለውም። ኮሶም ሆነ ሌላ የሀገር መድኃኒት፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውም ክኒን ሳይጠየቅ አይወሰድ።

አንድ ነገር ይቅርና ሁሉን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ፅንሱ ወደ ማሕፀን ሳይወርድ ቱቦው ውስጥ ሊቀር ይችላል። የወር አበባዋ የቀረ ሴት ሆዷን ከታች በአንድ ወገን አጥብቆ ከወጋት፣ ደም ካየች፣ ራሷን ካዞራት ወይም ትከሻዋን ካመማት ቱቦው ሊፈነዳ ስለሚችል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ቤት ትሂድ። ሱባኤ ላይ ብትሆንም ትውጣ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ጸበሉን የያዘ ዘመድ አብሯት መኪና ውስጥ ይግባ፤ ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።